«ትንሽ ቀላ ብትዪ ኖሮ»፦ ስለ መልክ፣ ስለ ቅባትና ስለ ክርስቲያናዊ ውበት

ጥያቄ

ይድረስ ለዚህ ዓምድ መምህር። ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ዕድሜዬ 26 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አጥቢያ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል አገለግላለሁ። እኅቶቼ ሁሉ ቀያይ ሲሆኑ እኔ ጥቁር ነኝ፤ ዘመድ በመጣ ቁጥር «ይቺኛዋ ማንን ወጣች? ትንሽ ቀላ ብትዪ ኖሮ እኮ ከሁሉም የምታምሪው አንቺ ነበርሽ» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። አምና ከታጨሁ በኋላ በእጮኛዬም ቤት ይኸው ንግግር ሲደገም ስለ ሰማሁ፣ ፊት ያቀላል የተባለ ቅባት ከገበያ ገዝቼ ለስምንት ወራት ተቀባሁ። በመጀመሪያ የቀላሁ መሰለኝ፤ ቆይቶ ግን ፀሐይ ሲነካኝ ፊቴን ያቃጥለኝ ጀመር፤ በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ጭንቀቴን ለአንዲት የማኅበር እኅቴ ብነግራት «ውበት ሐሰት ነው ተብሎ ተጽፎ የለም ወይ? ይህ ሁሉ የመጣብሽ መልክሽን ስታመልኪ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መስታወት ማየትም መጸለይም እኩል ከበደኝ። ውበትን መሻት ኃጢአት ነውን? እግዚአብሔርስ መልክን የማያይ ከሆነ አንዱን ቆንጆ፣ ሌላውን እንዲህ አድርጎ ለምን ፈጠረ? በቤተ ክርስቲያን ሥዕላት ሰይጣን ጥቁር ሆኖ የሚሣለውስ ለምንድን ነው? ቅባቱን መጠቀሜን እጮኛዬ አያውቅም፤ ሠርጋችን ከአራት ወር በኋላ በተክሊል ነው፤ በዚያ ቀን መኳኳል ይገባኛልን?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እኅታችን ሆይ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ ከመግባቴ በፊት ቀን የማይሰጥ ነገር ስላለ እርሱን ላስቀድም። በየገበያው «ያቀላል» እየተባሉ ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል በምርመራ ሲታዩ ስቴሮይድ የተባለ ጠንካራ መድኃኒት፣ ሃይድሮኪኖን የተባለ ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ወይም ባዜቃ የምንለው ሜርኩሪ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ያቀላል የተባለውን ፊት መልሶ ሊያጠቁር ይችላል። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ዘልቆ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በነፍሰ ጡር ሴትም ወደ ጽንሱ ይደርሳል። ሀገራት በ2013 እ.ኤ.አ. በተቀበሉት የሚናማታ ስምምነት፣ ከሚሊዮን እጅ ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅያ ቅባት ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረትና ከሀገር ወደ ሀገር እንዳይሸጥ የተወሰነው ስለዚህ ነው። አንቺ በቅርቡ ልታገቢና እናት ልትሆኚ የምታስቢ ሴት ነሽና ይህን በዝምታ አታሳልፊው። የተረፈውን ቅባት ከነዕቃው ይዘሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ በከተማሽ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በድንገት ማቋረጡም ፊትን ሊያስቆጣ ስለሚችል አቋራረጡን ሐኪሙ ይወስንልሽ። ይህን ማድረግ መልክን ማምለክ አይደለም። ሐዋርያው ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ብሎናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)፤ ቤተ መቅደስ ሲያፈስ የሚያስነቅፈው አለመጠገኑ ነው።

አሁን ወደ ተጠቀሰልሽ ቃል እንምጣ። «ውበት ሐሰት ነው፥ ደም ግባትም ከንቱ ነው፤ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ግን እርስዋ ትመሰገናለች» (ምሳ. 31፥30) የሚለው እውነት ነው፤ የማኅበር እኅትሽ ግን ለቆሰለ ሰው በትር አድርጋ አቀረበችው፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። ከፍ ብለሽ ቁጥር 22ን ብታነቢ፣ ያቺው የተመሰገነች ሴት ያማረ ልብስ ለራስዋ እንደምትሠራና እንደምትለብስ ተጽፎ ታገኛለሽ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ጠብ የለም። ውበት «ሐሰት» የተባለው ርኩስ ስለሆነ ሳይሆን ሊፈጽመው የማይችለውን ተስፋ ስለሚሰጥ ነው፤ «ቆንጆ ከሆንሽ ትወደጃለሽ፣ ከተወደድሽም አትተዪም» ይላል፤ ያዕቆብ ራሔልን ስለ ውበቷ ቢወድዳትም ውበቷ ከመካንነት እንባም በወሊድ ከመሞትም አላዳናትም። «ከንቱ» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃልም እስትንፋስንና ተንን የሚያመለክት ነው፤ በብርድ ማለዳ ከአፍ ወጥቶ ወዲያው እንደሚጠፋው ያለ። እስትንፋስ ክፉ ነገር አይደለም፤ ትዳርን የሚያህል ነገር ግን በእርሱ ላይ አይመሠረትም።

እግዚአብሔር ውበትን እንደማይንቅ ከሁሉ በፊት የሚመሰክረው የፍጥረት ታሪክ ነው። በግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት ፈጣሪ የፈጠረውን አይቶ «ሠናይ» እንደ ሆነ ይነገራል። ሠናይ ጥሩ ማለትም ነው፣ ያማረ ማለትም ነው፤ በግሪኩ ትርጓሜ የተጻፈውም ቃል እንዲሁ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። አማርኛችን ይህን «መልካም» ብሎ ተረጎመው፤ «መልካም» ደግሞ፣ ሀብታም ከሀብት እንደ ወጣ ሁሉ፣ መልክ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ደግ ሥራን «መልካም ሥራ» ስንል ሳናውቀው «ያማረ ሥራ» እያልን ነው። በቢታንያ ያቺ ሴት ዋጋው ከሦስት መቶ ዲናር የሚበልጥ ሽቱ በጌታ ራስ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ የተቆጡት ሰዎች ጥፋት ነው አሉ፤ ጌታ ግን «መልካም ሥራ ሠርታልኛለች» አለ (ማር. 14፥6)፤ በግሪኩ ያለው ያው የፍጥረቱ ቃል ነው። ስለዚህ ውበትን መሻት በራሱ ኃጢአት ነውን ብለሽ ለጠየቅሽው መልሴ አይደለም የሚል ነው፤ ውበትን የሚሻውን ልብሽን የፈጠረው ያው ሁሉን ሠናይ አድርጎ የፈጠረው ነው።

ስለ ጌጥም እንዲሁ ነው። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን ተጥላ እንዳገኛት ሕፃን ቆጥሮ ሲናገር፣ በውኃ ያጠባት፣ ዘይት የቀባት፣ ያለበሳት፣ አንባርና ድሪ ያጠለቀላት፣ ጉትቻና አክሊል ያደረገላት እርሱ ራሱ ነው። የምዕራፉ ተግሣጽ የሚጀምረው እርስዋ በውበትዋ ከታመነችበት ከቁጥር 15 ነው። ልዩነቱን አስተውዪ፤ ጌጡ ከእግዚአብሔር ነበር፣ መታመኑ ግን ከእርስዋ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ «ጠጕርን በመሸረብና ወርቅን በማንጠልጠል ወይም ልብስን በመጎናጸፍ» የሆነ ሽልማት አይሁንላችሁ ሲል (1ኛ ጴጥ. 3፥3) ቃሉን እንደ ፍጹም ክልከላ የሚያነቡ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሦስተኛውን ምን ሊያደርጉት ነው? ሹሩባና ወርቅ ከተከለከሉ ልብስ መልበስም አብሮ ተከለከለ ማለት ነው። ሐዋርያው የሚለው የሴት ክብር ከዚያ አይምጣ፣ «የተሰወረ የልብ ሰው» ይኑርላችሁ ነው። ሕዝባችንም ቃሉን በዚህ መንገድ ስለ ተረዳው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ፣ ሹሩባውን ተሠርቶ፣ እንሶስላውን ሞቆ፣ ኩሉን ተኩሎ ታቦት ሲያጅብ ኖሯል፤ እናቶቻችን በግንባራቸው መስቀል ሲነቀሱ ጌጣቸውና ሃይማኖታቸው አንድ ምልክት ነበር።

ታዲያ ቅባቱ ከኩል በምን ይለያል ትዪኝ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ በጤና ጉዳት ብቻ አይደለም። ኩል የተሰጠሽን ዓይን ያጎላዋል፤ ያ ቅባት ግን የተሰጠሽ ፊት ስሕተት ነበር ብሎ የሚጀምር ነው። ይህን ስል በአንቺ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ስሕተት ነው የሚለውን ቃል አንቺ አላመጣሽውም፤ ገና ሕፃን ሳለሽ ቡና በሚጠጣበት መካከል በዘመድ አፍ ተነግሮሽ ነው ያደገው። ኃጢአት ፍለጋ ከተገባ እኔ አስቀድሜ የምሄደው ወደዚያ ነው፤ ሕፃን ልጅን በቀለም ደረጃ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያሉ አሰልፎ ዋጋ መስጠት በክርስቲያን ቤት ቀልድ ሆኖ መቅረት የለበትም። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ለዚህ ተብሎ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይናገራል። ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ ማርያምና አሮን በእርሱ ላይ ተናገሩ፤ እግዚአብሔር ተቆጣ፤ ማርያምም ለምጽ ወጥቶባት እንደ በረዶ ነጣች። መጽሐፉ ዋናውን ነገር በሙሴ ነቢይነት ላይ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በጥቁሪቱ ሚስት ምክንያት ያማችው ሴት በንጣት መቀጣቷን ሳነብ እንደዚህ ያሉ ዘመዶች ሁሉ ከመናገራቸው በፊት አንድ ጊዜ ዝም ሊሉበት የሚገባ ቃል ይመስለኛል።

ስለ ጥቁረት መጽሐፍ ቅዱስ የሚለውን ራሱን አንብቢ። በመኃልየ መኃልይ 1፥5 ሙሽራይቱ በአማርኛው «እኔ ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ» ትላለች። ይህችን «ነገር ግን» ብዙ ሰው ሳያስተውላት ያልፋል፤ ጥቁረትን እንደ ጉድለት፣ ውበትን እንደ ማካካሻ ታስመስላለችና። በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጓሜ ግን የተጻፈው «እና» የሚለው ነው፤ «ጥቁር ነኝ፣ ውብም ነኝ» እንደ ማለት። የዕብራይስጡም አያያዥ «እና»ም «ግን»ም ሊሆን የሚችል ፊደል ነው፤ የላቲኑ ትርጉም «ግን»ን መረጠ፣ ብዙዎችም ተከተሉት። እኔ በሰብዓ ሊቃናቱ እጸናለሁ። አንድ ሰው ደግሞ «ዳዊት ቀይ ነበር ተብሎ ተጽፏል» ሊልሽ ይችላል፤ አዎ፣ በ1ኛ ሳሙኤል 16፥12 ዳዊት ቀይ፣ ዓይኑም የተዋበ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ነገር ግን አምስት ቁጥር ቀደም ብሎ፣ ሳሙኤል የታላቁን ወንድም ቁመትና ፊት አይቶ ሊቀባው በቃጣ ጊዜ፣ «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» ተብሏል። ዳዊት የተመረጠው በመልኩ ቢሆን ኖሮ ኤልያብ ይበቃ ነበር።

ስለ ሥዕላቱ የጠየቅሽውን በቀላሉ ላልፈው አልወድም፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ ዝም ያለ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሠዓሊው ሰይጣንን ጥቁር ሲያደርግ የሰው ቆዳን ማሳየቱ ሳይሆን ብርሃን የራቀውን ጨለማ ማሳየቱ ነው። ይሁን እንጂ በሕፃን ዓይን ሁለቱ እንደሚቀላቀሉ መካድ አያስፈልግም፤ አስተማሪ የሆንን ሰዎች ይህን ሳናስረዳ ማለፋችን ጥፋታችን ነው። በጥንታዊው የሀገራችን ሥዕል ደግና ክፉ የሚለየው በሌላ ምልክት መሆኑንም ልጆች ቢማሩ መልካም ነበር። ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያዩናል፤ ጌታን የገረፉት ወታደሮችና ከሓድያን ግን ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ቆዳቸው ከቅዱሳኑ ቆዳ ሳይለይ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የመሄድ ዕድል ካገኘሽ ጣራውን ቀና ብለሽ እዪ፤ በረድፍ በረድፍ የሚመለከቱሽ የኪሩቤል ፊቶች ዓይናቸው ትልልቅ፣ ጠጕራቸው እንደ እኛው ጥቁር ነው። በስንክሳራችን ሰኔ 24 የሚታሰበው በግብፅ በረሃ የኖረው አባትም በስሙ ሙሴ ጸሊም፣ ማለትም ጥቁሩ ሙሴ ይባላል። ቅስና ተቀብሎ ነጭ ልብስ በለበሰ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ «እነሆ፣ አሁን ሁለንተናህ ነጣ» ሲለው፣ «በውጭስ አዎ፤ ውስጡን ለሚያየውስ?» የሚል መልስ መስጠቱ በአባቶች ዜና ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን «ጸሊም» የሚለውን ከስሙ አላነሣችም፤ በዚያው ስም ታከብረዋለች።

አንዱን ቆንጆ፣ ሌላውን «እንዲህ» አድርጎ ለምን ፈጠረ ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ፣ «እንዲህ» በምትለዋ ቃል ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ። መልስ ይሆንሽ እንደሆነ አንድ የምታውቂውን ነገር ላስታውስሽ። መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን በልጅነትሽ ሳትሰሚ አልቀረሽም። «መልክእ» የሚለው የግእዝ ስም «መልክ» ከምንለው የአማርኛ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ድርሰቱም ስለ መልክ ነው። በየአምስቱ ስንኝ «ሰላም ለ…» እያለ ከስም መታሰቢያ ተነሥቶ ለራስ ጠጕር፣ ለገጽ፣ ለቅንድብ፣ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለጉንጭ፣ ለከንፈር፣ ለጥርስ፣ ለምላስ፣ ለትከሻ፣ ለክንድ፣ ለጣት፣ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ሰላምታ ያቀርባል። እኔ በልጅነቴ በቃል ስይዘው ለጥፍር ሰላም ይባላልን ብዬ መገረሜን አልረሳም። አባቶቻችን ሰውን እንዲህ ነበር የሚያዩት፤ አንዱን ብልት ከሌላው ሳያስበልጡ፣ የትኛውንም ሳይዘልሉ፣ እያንዳንዱን ከሠራው ሥራ ጋር አያይዘው። ጆሮው የመልአኩን ቃል ስለ ሰማ፣ ክንዱ ስለ ታቀፈ፣ እግሩ ስለ ተሰደደ ሰላም ይባልለታል። ሰላምታው በዚያም አያበቃም፤ ወደ ነፍስ መውጣት፣ ወደ በድነ ሥጋ፣ ወደ ግንዘትና ወደ መቃብር ይሄዳል፤ መልክ ሲረግፍም ሰላምታው አይቋረጥም። ለሰው መልክ ከዚህ የበለጠ አክብሮት በየትም አላየሁም። እንግዲህ ጠዋት በመስታወት ፊት ስትቆሚ ዘመዶችሽ እንዳዩሽ ሳይሆን በዚህ ዓይን እዪ፤ በአገልግሎት የቆመ እግር፣ የዘመረ ጉሮሮ፣ ለታመመ ሰው ውኃ ያቀበለ እጅ እንዳለሽ ያንጊዜ ይታይሻል።

የጉንጭሽ ማድያትስ? ስለ ክርስቶስ «ውበትህ ከሰው ልጆች ይልቅ ያምራል» ተብሎ በመዝሙር (45፥2) ተዘምሯል፤ በሰሙነ ሕማማት ከሚነበበው ከኢሳይያስ ደግሞ «መልክና ውበት የለውም» (53፥2) የሚለውን እንሰማለን። ሁለቱም ስለ አንዱ ጌታ ናቸው። ከትንሣኤ በኋላ በከበረ ሥጋ ሲገለጥም የችንካሩ ምልክት አልጠፋም፤ ቶማስን ጣትህን አምጣ ያለው በዚያ ምልክት ነው (ዮሐ. 20፥27)። ማድያቱን ሐኪም ሊያቀልልሽ ይችላል፤ ባይጠፋ ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚያጎድልሽ አንዳች የለም።

የቀረው የእጮኛሽና የሠርጉ ነገር ነው። ለእጮኛሽ ንገሪው፤ ከሠርጉ በፊት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ቅባቱን ከቤተሰቦቹ ንግግር የተነሣ እንደ ጀመርሽው ሳትሸሽጊ። ከአንቺ ይልቅ ለእናቱና ለእኅቶቹ መናገር የእርሱ ድርሻ ነውና ይህንኑም ጠይቂው፤ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስለሚመጣው ትዳርሽ ብዙ ያሳይሻል። መኳኳልን በተመለከተ በተክሊል ጸሎት ካህኑ ለልብሱ፣ ለቀለበቱ፣ ለቅብዐቱና ለአክሊሉ ይጸልያል፤ ሙሽሮቹን የምትሸልመው ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ናትና በጌጥሽ አትፈሪ። ሹሩባሽን ተሠሪ፣ ኩልሽን ተኳዪ፣ እንሶስላሽን ሙቂ። ቆዳሽ ገና እያገገመ ስለሚሆን ሜካፕ ከሐኪሙ ፈቃድ በፊት በፊትሽ ላይ እንዳይደርስ፤ ሥጋ ወደሙ የምትቀበዪና መስቀል የምትሳለሚ ስለሆንሽም የከንፈር ቀለሙን ከቅዳሴው በፊት አትቀቢ፤ ከፈለግሽ ከቤተ ክርስቲያን ከወጣሽ በኋላ ይደርሳል። ፎቶ አንሺው ፊትሽን በኮምፒውተር እንዳያቀላውም አስቀድመሽ ንገሪው።